ከሻሸመኔ አዳሪ ትምህርት ቤት የተገኘች መሪ

ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በወሎ ሳይንት ተወለዱ። በ5 ዓመታቸው ዓይናቸው ብርሃን ባጣ ጊዜ የመንደሩ ሰው እንደ መርገም ቆጠረው፤ እርሳቸው ግን ያለ ዕድሜ ከመዳር ያዳነኝ ይኸው ነው ይላሉ። በሻሸመኔ ካቶሊክ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው በጣት የሚነበበውን የብሬል ጽሕፈት ተማሩ። ይህንንም ዓይነ ስውሩ ፈረንሳዊ ሉዊ ብሬል ገና የ15 ዓመት ተማሪ ሳለ በ6 ነጥብ አሰናዳው፤ የአማርኛው ፊደል ከ200 ስለሚበልጥ በብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከዓይናሞች ጋር በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሕግ ሲማሩ የተማሪዎቹን የፀረ ኤድስ እንቅስቃሴ መሩ፤ የሴት ተማሪዎች ማኅበርም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆኑ። እጅ ይዞ የሚመራት ያሻታል የተባለችው ልጅ፥ ዓይናሞቹን መራች! በ2010 ዓ.ም. ከስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው።