የኖቶ ካቴድራል አወዳደቅና ዳግም አሠራር

በሲሲሊ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው የኖቶ ከተማ የዛሬ መልኳን ያገኘችው ከጥፋት በኋላ ነው። ቀደምቷ ኖቶ ከዛሬው ስፍራ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ፣ አልቬሪያ በሚባል ገደላማ ተራራ ላይ ተቆርቁራ የነበረች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 1693 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተናግታ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በተከተለው እጅግ የበረታ መንቀጥቀጥ ፈጽማ ፈረሰች። በዚያ አደጋ በአካባቢው ከአርባ የሚበልጡ ከተሞችና መንደሮች ሲወድሙ 60,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ በካታኒያ ከተማማ ከነዋሪው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ሞቷል።

ሲሲሊ በዚያን ዘመን በስፔን ዘውድ ሥር ትተዳደር ስለነበር፣ የንጉሡ እንደራሴ የፈረሱትን ከተሞች መልሶ የማቋቋሙን ሥራ የካማስትራ መስፍን ለሆነው ለጁሴፔ ላንዛ ሰጠ። መስፍኑና አማካሪዎቹ ኖቶ ከተራራው ወርዳ ሜቲ በተባለ ረጋ ያለ ተዳፋት ላይ እንድትሠራ ወሰኑ። ነዋሪው ግን በዚህ ውሳኔ አንድ ልብ አልነበረም፤ የአባቶቹን መቃብርና የቤቱን ፍርስራሽ ትቶ መሄድ ያልወደደው ወገን ለዓመታት ስለተከራከረ ከተማዋ የመጨረሻ ቦታዋን ያገኘችው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነበር። አዲሲቱ ከተማ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በተዘረጉ ሦስት ትይዩ ዋና ጎዳናዎች ተቀየሰች። ሕንፃዎቿም በአካባቢው በሚፈለጥ ወርቃማ የኖራ ድንጋይ ተሠሩ፤ ይህ ድንጋይ ለጠራቢ የተመቸና ለጌጥ የሚታዘዝ በመሆኑ ባሮክ ለሚባለው የአሠራር ስልት፣ ማለትም በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በካቶሊክ አውሮፓ ተስፋፍቶ ለነበረው፣ ጎበጥ ሰርጎድ የሚሉ ግድግዳዎችን፣ የተደራረቡ ዓምዶችንና የበዛ ቅርጻ ቅርጽን ለሚወደው ስልት እጅግ ተስማሚ ነበር።

ከእነዚህ ሕንፃዎች ዋነኛው በቅዱስ ኒቆላዎስ ስም የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥራው ከከተማዋ ዝውውር ጋር አብሮ ተጀምሮ አብዛኛውን የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈጀ ሲሆን፣ የተጠናቀቀው በ1776 እንደሆነ ይነገራል። ከዕቅዱ ጋር የአርክቴክቶቹ የሮዛሪዮ ጋልያርዲና የቪንቼንዞ ሲናትራ ስም አብሮ ይነሣል፤ ይሁን እንጂ ብዙ እጅ ያረፈበትንና ብዙ ጊዜ የተለዋወጠን ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት አስቸጋሪ ነው። ሕንፃው ረጅም እግር ባለው መስቀል ቅርጽ የተቀየሰ ሲሆን፣ ሰፊ የመካከል አዳራሽና በግራ ቀኙ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉት፤ አዳራሹን ከጎኖቹ የሚለዩት በቅስት የተያያዙ ወፋፍራም ዓምዶች ሲሆኑ፣ የመስቀሉ እጆች ከአዳራሹ ጋር በሚገናኙበት ስፍራ በአራት ታላላቅ ዓምዶች ላይ ጉልላቱ ያርፋል። ጉልላት ሲባል እዚህ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ጫፍ የሚተከለው መስቀል ተሸካሚ ጌጥ ሳይሆን፣ ከበሮ በሚመስል ክብ ግድግዳ ላይ የተደፋው የድንጋይ ክዳን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የከተማዋን ጠባቂ የቅዱስ ኮራዶን አፅም በብር ሣጥን ይጠብቃል፤ የካቴድራልነትን፣ ማለትም የጳጳስ መንበርነትን ማዕረግ ያገኘው ደግሞ የኖቶ ሀገረ ስብከት በተቋቋመበት በ1844 ነው።

የዚህን ሕንፃ ዕጣ የወሰነው ግን ጎብኚ የሚያደንቀው የፊት ለፊት ገጽታው ሳይሆን የዓምዶቹ ውስጣዊ አሠራር ነበር። እያንዳንዱ ዓምድ ከውጭ ሲታይ ከጥሩ የተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ይመስላል፤ ይሁንና የተጠረበው ድንጋይ ልባስ ብቻ ነበር። ከልባሱ በስተውስጥ ያለው ክፍት ቦታ የተሞላው በድንጋይ ስብርባሪና ወንዝ አንከባሎ ባለሰለሰው ድቡልቡል ድንጋይ ሲሆን፣ የሚያያይዘውም ደካማ የኖራ ቡኮ ነበር። ድቡልቡል ድንጋይ ማዕዘን ስለሌለው ከጎረቤቱ ጋር አይናከስም፤ ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን ይገፋል፤ ልባሱንና ሙሌቱን አጋምዶ የሚይዝ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይም አልበቃውም። በመሆኑም ክብደቱን የሚሸከመው በአብዛኛው ቀጭኑ ልባስ ነበር። ከጥፋት በኋላ ብዙ ቤትና ብዙ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጊዜ ለማቆም የተጣደፈ ትውልድ እንዲህ መሥራቱ አያስገርምም፤ ነገር ግን በዓምድ ውስጥ የሚቆጠብ ድንጋይ ዋጋው ውሎ አድሮ ይከፈላል።

ሕንፃው ከዚያ በኋላም ዕረፍት አላገኘም። በ1848 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉልላቱ ወድቆ እንደገና ተሠራ። በ1950ዎቹ ደግሞ የመካከለኛው አዳራሽ የእንጨት ጣሪያ ተነሥቶ በአርማታ ተተካ። በዘመኑ እንደ መሻሻል የታየው ይህ ሥራ ለድንጋይ ሕንፃው ባዕድ የሆነ ግትርና ከባድ ክዳን አሸከመው። በዚያው ዘመን የውስጥ ግድግዳዎቹ በአዲስ ሥዕልና ጌጥ ተሸፈኑ። ልስንና ቀለም ሲደራረብ ምእመናኑን ደስ ያሰኛል፤ ስንጥቅንም ከዓይን ይሰውራል።

ዲሴምበር 13 ቀን 1990 በቅድስት ሉቺያ በዓል ዕለት ምሥራቅ ሲሲሊን የመታው መንቀጥቀጥ ከ1693ቱ ጋር ሲነጻጸር መጠነኛ ነበር። ካቴድራሉ ተሰነጠቀ እንጂ አልወደቀም። ከዚያ በኋላ ሥር የሰደደ ጥገና ሊደረግለት ይገባ ነበር፤ አልተደረገም። ማርች 13 ቀን 1996 በምሽት፣ ምድሪቱ ጸጥ ባለችበት ሰዓት፣ በቀኝ በኩል ያሉት አራት የአዳራሽ ዓምዶችና ጉልላቱን ከተሸከሙት አራቱ አንዱ ተናዱ፤ የአዳራሹ ጣሪያ በሙሉ፣ የቀኝ ጎን ትናንሽ ጉልላቶችና የታላቁ ጉልላት ሦስት አራተኛ ከከበሮውና በጫፉ ካለው ፋና መሰል ክፍል ጋር አብረው ወረዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ስለነበር ማንም አልሞተም። ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

ከአደጋው በኋላ የሚላን ፖሊቴክኒክዋን ሉዊጂያ ቢንዳን ጨምሮ የድንጋይ ግንብ ሊቃውንት ፍርስራሹንና የቆሙትን ዓምዶች መረመሩ። ልስኑ ሲነሣ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ስንጥቆች ተገለጡ፤ ከነዚህም ከ1990 በፊት የነበሩ አልታጡበትም። ከምርመራው የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው፦ መንቀጥቀጡ ጉዳቱን አፋጠነው እንጂ አልፈጠረውም፤ ዓምዶቹ ለረጅም ዘመን በራሳቸው ሸክም ቀስ በቀስ ሲደክሙ ኖረዋል። የኖቶ ካቴድራል በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ የሚለው የተለመደ አነጋገር ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው፤ ቀሪው ግማሽ የግንበኞች፣ የጠጋኞችና ጥገናውን በይደር ያቆዩ ሰዎች ነው።

የወደቀ ታላቅ ሕንፃ እንዴት ይመለስ የሚለው ጥያቄ ለጣሊያን አዲስ አልነበረም። በ1902 የቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ደወል ቤት በወደቀ ጊዜ የከተማዋ ሰዎች «እንደነበረ፣ በነበረበት» የሚል መፈክር ይዘው በ1912 መልሰው አቁመውት ነበር። በኖቶም ይኸው መንገድ ተመረጠ። የሥራው ነዳፊዎች መሐንዲሱ ሮቤርቶ ዴ ቤኔዲክቲስና አርክቴክቱ ሳልቫቶሬ ትሪንጋሊ የድሮውን መልክና ልክ ጠብቀው የድሮውን ስሕተት ግን ላለመድገም ወሰኑ። አዲሶቹ ዓምዶች እስከ መካከላቸው ድረስ በተጠረበ የኖራ ድንጋይ፣ ረድፍ በረድፍ ተያይዘውና ከቀድሞው በጠነከረ የኖራ ቡኮ ተሳስረው ተሠሩ። ለመወሰን ከባድ የነበረው የግራው ጎን ጉዳይ ነው፤ በዚያ ያሉት ዓምዶች ቆመው ነበርና። ምርመራው እነርሱም ከወደቁት የማይሻሉ መሆናቸውን ስላሳየ ፈርሰው እንደ አዲስ ታነጹ። የቅርስ ጥበቃ ሰው የቆመን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዓምድ በገዛ እጁ ሲያፈርስ ልቡ መድማቱ አይቀርም፤ ሆኖም ከሥሩ ሰው ቆሞ የሚጸልይበት ሕንፃ የሙዚየም ዕቃ አይደለምና ውሳኔው ትክክል ነበር።

የግድግዳ ጌጡን በተመለከተ መፈክሩ አልሠራም። የ1950ዎቹ ሥዕሎች ከተሸከማቸው ግንብ ጋር ስለጠፉ፣ በነርሱ ፈንታ በሕይወት ያሉ ሠዓልያን ተጠሩ፤ የጉልላቱን ሥዕል ሩሲያዊው ኦሌግ ሱፐሬኮ ሣለው። የአሣሣሉ ስልት ዘመናዊ ከመሆን ይልቅ ወደ ድሮው ያዘነበለ በመሆኑ የወደደው እንዳለ ሁሉ የነቀፈውም አለ።

ዩኔስኮ በ2002 ኖቶንና ሌሎች ሰባት የአካባቢውን የባሮክ ከተሞች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ካቴድራሉ ገና በሥራ ላይ ነበር። ሕንፃው ከወደቀ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጁን 18 ቀን 2007 ለአምልኮ ተከፈተ። ዛሬ ሰፊውን ደረጃ ወጥቶ የሚገባ ሰው የሚያየው የፊት ግድግዳ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከውስጥ ጣሪያውን ተሸክመው የሚያያቸው የአዳራሹ ዓምዶች ግን፣ የቀኞቹም ሆኑ የግራዎቹ፣ የዚህ ዘመን ግንበኞች ሥራ ናቸው።