አሲድ የማይበላው ቧንቧ እንዴት እንደ ተገኘ

ቧንቧ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ውሃ ነው። በፋብሪካዎች ውስጥ ግን ሌላ ዐይነት ቧንቧ አለ፤ በውስጡ የሚያልፈውም ሰልፈሪክ አሲድ፥ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፥ ክሎሪን፥ ወይም ከእነዚህ የከፋው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። የላቦራቷራችንን ጠረጴዛ በቅርብ የተመለከተ ሰው ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ያንጠባጠቡት አሲድ እንጨቱን እንዴት አድርጎ እንዳጠቆረው ያያል። ጠብታ ይህን ካደረገ ቀንና ሌሊት በቶን የሚፈሰው ምን ያደርግ ይሆን? የሚሸከመውስ ዕቃ ከምን ቢሠራ ነው የማይበላ? እኛ የኬሚስትሪ ክበብ አባሎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ታሪኩን ከእርሳስ እንጀምራለን። በ1746 ጆን ሮበክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በበርሚንግሃም ከተማ ሰልፈሪክ አሲድን በብርጭቆ ዕቃ መሥራቱን ትቶ በእርሳስ በተሠራ ክፍል ውስጥ ማምረት ጀመረ። ብርጭቆ ይሰበራል፥ ትልቅ አድርጎ መሥራቱም ያስቸግራል፤ እርሳስ ግን ይታጠፋል፥ ይበየዳል። አሲዱ እርሳሱን ገና እንደ ነካው በላዩ ላይ ሊድ ሰልፌት የሚባል ነጭ ቅርፊት ይፈጠራል፤ ይህም ቅርፊት ከሥሩ ያለውን እርሳስ ይጠብቀዋል። እንግዲህ እርሳሱን ያቆየው አሲድ ስለማይነካው ሳይሆን፥ በመጀመሪያ የተነካበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ስለሚከላከልለት ነው። ይሁን እንጂ አሲዱ ሲወፍርና ሲግል ቅርፊቱ ይሟሟል፤ ለናይትሪክ አሲድማ እርሳስ ከቶ አይሆንም። ስለዚህ ለአንዱ አሲድ የሸክላ ዕቃ፥ ለሌላው በጎማ የተለበጠ ብረት፥ ሰልፈሪክ አሲድን ለማወፈሪያም እጅግ ውድ የሆነው ፕላቲኒየም ሲፈለግ ብዙ ዘመን አለፈ።

ከሁሉ ያስቸገረው ግን ፍሎሪን ነው። በ1771 የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሼሌ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን ሲያዘጋጅ የሚሠራበት የብርጭቆ ዕቃ ራሱ ተበላበት። ከእርሱም በኋላ ፍሎሪንን ለብቻው ለይተው ለማውጣት ከደከሙት መካከል ቤልጂጋዊው ሉዌና ፈረንሳዊው ኒክሌስ በዚሁ ሥራ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በመጨረሻ ጁን 26 ቀን 1886 በፓሪስ ሄንሪ ሟሳን የተባለው ሊቅ በፕላቲኒየም ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ጋዙን አወጣው፤ በ1906ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እኛን ያስደነቀን ግን የዕቃው ውታፍ ነው። ሟሳን ውታፉን የሠራው ፍሎራይት ከሚባለው ድንጋይ ሲሆን፥ ይህ ድንጋይ ራሱ የፍሎሪንና የካልሲየም ውሑድ ነው። ፍሎሪን አስቀድሞ የጠገበበትን ነገር ዳግመኛ አይበላውም። ይህ አሳብ ከቧንቧው ታሪክ ጋራ እንደገና ይመጣል።

(ፍሎሪን ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ በወንጂና በሌሎችም ቦታዎች የሰዎችን ጥርስ ያበለዘው፥ ከጕድጓድ በሚወጣው ውሃ ውስጥ የሟሟ የፍሎሪን ጨው ነው።)

ከሟሳን በኋላ 52 ዓመት አልፎ፥ ሮይ ፕለንኬት የተባለ የ27 ዓመት ኬሚስት በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ በዱፖን ኩባንያ ላቦራቷር ይሠራ ነበር። የሚፈልገው ቧንቧ አልነበረም፤ ለማቀዝቀዣ መኪና የሚሆን አዲስ ጋዝ ነበር እንጂ። ለዚህም ሥራ ቴትራፍሉኦሮኤቲሊን የተባለ ጋዝ በትንንሽ ሲሊንደሮች ሞልቶ በደረቅ በረዶ አቀዝቅዞ አስቀምጦ ነበር። ኤፕሪል 6 ቀን 1938 ከረዳቱ ከጃክ ሬቦክ ጋራ የአንዱን ሲሊንደር ቫልቭ ቢከፍቱ ምንም አልወጣም። ባዶ ነው ብለው ሊጥሉት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ሚዛኑ ሙሉ መሆኑን ይናገራል። ሲሊንደሩን በመጋዝ ቢቈርጡት በውስጡ ሰም የመሰለ ነጭ ዱቄት ተገኘ። ጋዙ እርስ በርሱ ተያይዞ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ነበር። ዱቄቱን በአሲድ ቢነክሩት አይሟሟም፤ በሌላም ማሟሚያ ቢሞክሩት ያው ነው። የኋላ ኋላ ቴፍሎን የተባለው ይህ ነው።

ምክንያቱን መምህራችን በሰሌዳ ላይ ሥለው አስረድተውናል። ሰንሰለቱ የካርቦን ነው፤ በዙሪያው ግን ፍሎሪን ጥቅጥቅ ብሎ አልብሶታል። የካርቦንና የፍሎሪን ማሰሪያ በካርቦን ውሑዶች ዘንድ እጅግ ከጠነከሩት አንዱ ስለ ሆነ አሲዱ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። የሟሳን ውታፍ አሳብ እንግዲህ እዚህ ላይ ተመለሰ ማለት ነው።

ሆኖም ዱቄቱ ውድና ለአሠራር የማይመች ስለ ነበር ጦርነት ባይመጣ ኖሮ ከመደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር ብለን እናስባለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቴነሲ ግዛት በኦክ ሪጅ አሜሪካውያን ለአቶሚክ ቦምብ የሚሆነውን ዩራኒየም ለመለየት ኬ-25 የተባለውን ታላቅ ፋብሪካ ሠሩ። በዚያ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ ነበር፤ ይህም ጋዝ ቅባትን ያበላሻል፥ ትንሽ እርጥበት ባገኘ ጊዜም ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያወጣል። ለቧንቧው ውስጥ የኒኬል ልባጥ ተደረገለት፤ ለመጋጠሚያው ጓርኒሲዮን ግን የሚጸና ነገር ጠፍቶ ሳለ የፕለንኬት ዱቄት ተፈለገ። እንዲህ ሆኖ ያለ ዓላማ የተገኘው ነገር የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ ያገኘው ከተማ ለሚያጠፋ መሣሪያ ነበር። ይህን ሳንጽፍ ማለፍ አልወደድንም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1950 ገደማ በዌስት ቨርጂኒያ በፓርከርስበርግ አጠገብ የተሠራው ፋብሪካ ቴፍሎንን በብዛት ማምረት ጀመረ። ነገር ግን ቧንቧ መሥራት ቀላል አልሆነም። ሌላው ፕላስቲክ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል፤ ቴፍሎን ግን 327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢደርስም አይፈስም። ስለዚህ ዱቄቱን እንደ ሊጥ አድርገው በጠባብ ቀለበት እየገፉ ማውጣት፥ ከዚያም በምድጃ ማብሰል ግድ ሆነ። ደግሞ ለስላሳ ስለ ሆነ ብቻውን ግፊት አይችልም። መላው የመኪና ጎማን ይመስላል፤ ካላማዳሪያው አየሩን ይይዛል፥ ጎማው ጭነቱን ይሸከማል። እንደዚሁም ብረቱ ግፊቱን ይሸከማል፥ ቴፍሎኑ በውስጡ ገበር ሆኖ አሲዱን ይይዛል።

ገበሩም የራሱ ጣጣ አለበት። ሲሞቅ ከብረቱ ዐሥር እጅ ያህል ይረዝማል፤ በቧንቧው ውስጥ አየር ሲጐድል ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ከዚህም በላይ ምንም ባይበላ እንኳ አንዳንዱ ትነት ቀስ እያለ ያልፈዋል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንዲህ ሲያልፍ ከብረቱና ከገበሩ መካከል ገብቶ ብረቱን ከጀርባ ይበላዋል። ስለዚህ በብረቱ ላይ ሆን ተብሎ ትንንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ይበጃል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ቀዳዳውን ብልሽት መስሎት ቢደፍነው ቧንቧውን ለጥፋት ማሰናዳቱ ነው።

ዛሬ ቴፍሎን ብቸኛ አይደለም፤ ወንድሞቹም ስላሉ መምረጥ ያስፈልጋል። በ1960 የወጣው ኤፍ.ኢ.ፒ. ቀልጦ ስለሚፈስ ለአሠራር ይመቻል፥ ሙቀት የሚችለው ግን እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ነው። በ1972 የመጣው ፒ.ኤፍ.ኤ. እንደ ኤፍ.ኢ.ፒ. ይቀልጣል፥ እንደ ቴፍሎንም እስከ 260 ዲግሪ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. ደግሞ ጠንካራና ያለ ብረት ድጋፍ የሚቆም ሲሆን ለክሎሪንና ለብሮሚን ይመረጣል። ነገር ግን ሰንሰለቱን ፍሎሪን የሸፈነው በከፊል ብቻ ስለ ሆነ ብርቱ ኮስቲክ ሶዳ ይሰነጥቀዋል። ብዙ አሲዶችን የቻለው ቧንቧ በሳሙና ፋብሪካ የተለመደው ሶዳ ሲያሸንፈው ማየት ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ግርምት ነበር። መሐንዲስ እንግዲህ ስሙን አይቶ አይገዛም፤ ምን እንደሚያልፍ፥ ምን ያህል እንደ ወፈረ፥ ምን ያህል እንደሚሞቅና እንደሚገፋ አስቀድሞ ይጠይቃል። ደግሞ ቧንቧ ብቻውን ሰው አያድንም። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2012 በደቡብ ኮሪያ በጉሚ ከተማ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከመኪና ሲራገፍ አፈትልኮ አምስት ሰዎች ሞተዋል።

የቀረው ነገር ከባድ ነው። ቴፍሎንን ለማምረት ከ1951 ጀምሮ በፓርከርስበርግ ሲ-8 ወይም ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. የሚባል ረዳት ኬሚካል ይጨመር ነበር። እርሱም እንደ ቴፍሎን ፍሎሪን የለበሰ ስለ ሆነ አፈርና ውሃ አያፈርሱትም፤ በሰውነትም ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ይህ ኬሚካል ከፋብሪካው ወደ ኦሃዮ ወንዝና ወደ መንደሮቹ የመጠጥ ውሃ ገባ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ወደ 69,000 የሚሆኑ ሰዎች ደም ተመረመረ፤ በ2012ም የሳይንስ ሊቃውንት ጉባኤ ኬሚካሉ የኩላሊት ካንሰርን ጨምሮ ከስድስት ሕመሞች ጋራ ሊያያዝ እንደሚችል ገለጠ። በ2017 ዱፖንና ከእርሱ የተከፈለው ኬሙርስ ለተጐዱት 671 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ በ2019ም የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች ኬሚካሉ እንዲወገድ ወሰኑ። አሲዱን ከሠራተኛው እጅ ያራቀው ቧንቧ፥ ሲሠራ ግን በወንዙ ዳር ወደሚኖሩት ሰዎች ጽዋ የገባ ነገር ነበረው። ከፋብሪካው ማዶ በወንዙ ዳር በምትገኘው በሊትል ሆኪንግ ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ የጕድጓዱ ውሃ በከሰል ማጣሪያ አልፎ ነው ወደ ቤት ቧንቧ የሚገባው።