ሰርዶን ነቅሎ ሰርዶ መዝራት

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሣር ነው። «ደግሞ ምን ጎድሎበት ነው ስለ ሣር የሚያወራው?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው፤ የኑሮ ውድነቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የታክሲው ሰልፍ ባለበት አገር ስለ ሣር ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን ትንሽ ታገሡኝ። የሣሩ ወሬ ዞሮ ዞሮ ውኃ ጋ ይደርሳል፤ ውኃ ደግሞ ቅንጦት አይደለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አዳማ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጡረታ ወጣችና፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ያለችውን ቁራሽ መሬት አረንጓዴ ምንጣፍ የማስመሰል አምሮት አደረባት። እኔም «ለእኔ ተይው፣ እትዬ» ብዬ ዘው አልኩበት። ስንት ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ሣር መዝራት ያቅተዋል እንዴ? አንድ የቀን ሠራተኛ ቀጠርንና መሬቱን የወረረውን ሰርዶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲነቅል ዋለ። «ጋሼ፣ ሰርዶ እኮ ነው፤ ዛሬ ቢነቅሉት ነገ ይመለሳል» አለኝ ላቡን እየጠረገ። አልሰማሁትም።

ከዚያ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ በፓኬት የታሸገ የውጭ አገር የሣር ዘር ገዛሁ። ፓኬቱ ላይ የጎልፍ ሜዳ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ በላይ «በርሙዳ» የሚል ስም በትልቁ ተጽፏል። ዋጋውን እንኳ ይቅርብኝ። ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡም ሄዶ ሌሊቱም መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ፣ አፈር በደንብ አልብሼ ቀበርኩት። ጠዋትና ማታ በጎማ ውኃ አጠጣለሁ። አንድ ማለዳ እንዲሁ እያጠጣሁ ቀና ስል፣ የጎረቤት ልጅ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። በእነሱ በኩል ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። «ጋሼ፣ ሣሩ ሲጠጣ ልቅዳ?» አለችኝ። ልጅቷ ምንም ክፋት አልነበራትም፤ ተራዋን ነው የጠየቀችው። ከሣሩ ቀጥሎ ያለውን ተራ!

የዘራሁት ዘር አልበቀለም። የበቀለው ሠራተኛው እንዳለው ሰርዶው ነው። በወሩ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ በኋላ ወደ እርሻ ትምህርት ዞሮ ባለሙያ የሆነ፣ ሊጠይቀኝ መጣ። ፓኬቱን ገልብጦ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የሳይንስ ስም አነበበ፤ «ሳይኖዶን ዳክታይሎን»። ከዚያ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «መምህር፣ ይሄ እኮ ሰርዶ ነው!»

ወይ ጉድ! ሰርዶ ነቅዬ ሰርዶ ዘርቻለሁ፤ ነቃዩንም ከፍዬ፣ ዘሩንም ገዝቼ።

ለመሆኑ እዚህ እንዴት ደረስን? የማይበላ፣ የማይታጨድ፣ ለከብት የማይሰጥ፣ ለማየት ብቻ የሚተከል ሣር ከየት መጣ? በእኛ ቋንቋ ሣር ብዙ ስም አለው፦ መስክ አለ፣ ጨፌ አለ፣ ቄጤማ አለ፣ ጉዝጓዝ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ሁሉም ሥራ አላቸው። ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ከብት ይውልበታል፣ ለበዓልና ለቡና ይጎዘጎዛል፣ በኢሬቻ እርጥብ ሆኖ ለምስጋና ይያዛል። ተከርክሞ ለዓይን ብቻ ለሚቀመጠው ሣር ግን የራሱ የሆነ የቆየ ስም የለንም። ስም ያላወጣንለት ስላላስፈለገን ነው።

ያስፈለጋቸው የአውሮፓ መኳንንት ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሣዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ዘመን፣ አንድሬ ለ ኖትር የተባለው የአትክልት ሥፍራ ነዳፊ ቬርሳይ ላይ «አረንጓዴው ምንጣፍ» የሚባለውን መስክ አስፍቶ ሠራ፤ ርዝመቱ 335 ሜትር፣ ወርዱ 40 ሜትር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ላንስሎት ብራውን የተባለ ሰው የጌቶችን አጥርና መደብ እያፈረሰ ሣሩን እስከ ቤታቸው ደጃፍ አመጣላቸው። ያን ጊዜ ማሽን የለም። ሣሩን የሚያስተካክሉት ወይ በጎች ናቸው፣ ወይ ረጅም ማጭድ የያዙ ብዙ ሠራተኞች። እንግዲህ ያ መስክ ለአላፊ አግዳሚው የሚናገረው ነገር ግልጽ ነበር፦ «እኔ እህል ሳልዘራበት ማሳደር የምችለው መሬት አለኝ፤ የማይበላ ነገር የሚያጭዱልኝ ሰዎችም አሉኝ።» ሣሩ የጌትነት ማስታወቂያ ነበር።

ማስታወቂያው ወደ ተራው ሰው ግቢ የወረደው በአንድ የእንግሊዝ መካኒክ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 ስትራውድ በተባለች የሱፍ ፋብሪካዎች በበዙባት ከተማ የሚሠራው ኤድዊን በዲንግ፣ የሱፍ ጨርቅን ገጽ የሚያስተካክለውን ተሽከርካሪ ምላጭ አየና «ይሄ ሣርስ ለምን አይቆርጥም?» አለ። የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ማሽን የፈጠራ መብት ያወጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በግም አጫጅም ባይኖርህ፣ ማሽን መግፋት ከቻልክ ጌታ መምሰል ትችላለህ። በጎቹ ግን ወዲያው ከታሪክ አልወጡም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ዘመን፣ የዋይት ሐውስን ሣር በጎች ይግጡት ነበር፤ ጸጉራቸውም ተሸልቶ ለቀይ መስቀል እርዳታ ተሸጧል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ነገሩን ደንብ አደረጉት። ከ1947 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ አጠገብ ሌቪታውን በተባለ ሰፈር ከ17 ሺህ በላይ ተመሳሳይ ቤቶች ተሠሩ። ነዋሪው በወቅቱ ሣሩን በየሳምንቱ ማጨድ በውሉ ግዴታው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ውሎች ውስጥ ጥቁሮች እንዳይኖሩበት የሚከለክል አንቀጽም ነበረ። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ንጹሕ አረንጓዴ ሣር ማን ጎረቤት እንደሚሆንና ማን እንደማይሆን ከሚወስነው ወረቀት ጋር አብሮ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካን የሣር መሬት ሲገምት 160 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። ይህ የኢትዮጵያን ስፋት አንድ ሰባተኛ ያህላል። እዚያ አገር ከማናቸውም በመስኖ ከሚለማ ሰብል የሰፋው ማንም የማይበላው ሣር ነው ማለት ነው።

ውኃው ሲያጥርስ? አጠረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 የካሊፎርኒያው ገዥ ጄሪ ብራውን በድርቁ የተነሣ ከተሞች የውኃ ፍጆታቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። በዚሁ ትእዛዝ 50 ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 4.6 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ያህል ሣር ተነቅሎ ድርቅ በሚችል ተክል እንዲተካ ተባለ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ ደግሞ ሣሩን ለሚነቅል ሰው ገንዘብ ትከፍላለች። የኔቫዳ ምክር ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት፣ በዚያ አካባቢ ከ2027 መጀመሪያ አንስቶ ከመኖሪያ ቤት ግቢ ውጭ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣርን በኮሎራዶ ወንዝ ውኃ ማጠጣት ክልክል ነው። ዓለም ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጥያቄዋን ቀየረች፦ «የትኛው ሣር ያምራል?» ማለቷን ትታ «የትኛው ሣር ጥም ይችላል?» ማለት ጀመረች።

መልሱ ከቀረቡት ሣሮች አንዱ የኛው ሰርዶ ነው።

በርሙዳ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል ያለች ደሴት ናት፤ ሣሩ ግን በስሟ ይጠራ እንጂ የሷ አይደለም፤ የትውልድ አገሩ እኛ ያለንበት የድሮው ዓለም ነው። የሳይንስ ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ሳይኖዶን» የውሻ ጥርስ፣ «ዳክታይሎን» ጣት ማለት ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ጣት የተዘረጉትን ቀጫጭን ዛላዎቹን አይታችሁ ይሆናል። ህንዶች «ዱርቫ» ይሉታል፤ ጋኔሻ ለተባለው አምላካቸው ያቀርቡታል። የአሜሪካ ጆርጂያ ሰዎች ደግሞ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት። ግሌን በርተን የተባለ ተመራማሪ ቲፍተን በተባለች ከተማ ሰርዶን ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር አዳቅሎ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. «ቲፍዌይ» የተባለውን ዝርያ አወጣ፤ እስከ ዛሬ በሞቃት አገሮች የስፖርትና የጎልፍ ሜዳዎች ይለብሱታል። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክሌይተንና ሃርላን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንዱን የሰርዶ ዘመድ «ሳይኖዶን ኤቲዮፒከስ» ብለው በስማችን ሰይመውታል። ስማችን መዝገብ ላይ አለ፤ እኛ ግን አናውቀውም።

እዚህ ላይ ገበሬያችን እንዳይቀየመኝ አንድ ነገር ልበል። ገበሬ ሰርዶን የሚጠላው ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ አሳምሮ ስለሚያውቀው ነው። ማሳ ውስጥ ከገባ ከላይ በሐረጉ፣ ከታች በሥሩ ይሄዳል፤ ማረሻ ሲቆራርጠው እያንዳንዱ አንጓ ሌላ ሰርዶ ይሆናል። በሰብል መሐል ጠላት ነው። ግን ይኸው ጠባይ በተዳፋት ላይ አፈር ይይዛል፣ በግቢ ውስጥ አቧራ ያስቀራል። ሥሩ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወርድ ስለሚችል የላይኛው አፈር ሲደርቅ እሱ ከታች ይጠጣል። ጨርሶ ሲጠማ ደግሞ አይሞትም፤ ቢጫ ሆኖ ይተኛል። ዝናብ ሲመጣ ይነሣል።

እኛም በሁለተኛው ዓመት ከተማሪዬ ተምረን እንደገና ጀመርን። ያስተማረኝን ልንገራችሁ፤ የሚጠቀምበት አይጠፋም። ጊዜው ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲይዝ ነው። መሬቱን ቆፍራችሁ ድንጋዩን ለቅማችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ እንዳይኖር። ከመንገድ ዳር የሰርዶ ሐረግ ትሰበስቡና ሁለት ሦስት አንጓ እንዲኖረው አድርጋችሁ ትቆራርጣላችሁ። በስንዝር ርቀት ቦይ አውጥታችሁ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀርቶ አንጓው አፈር ውስጥ እንዲገባ ትተክሉና በእግር ጠቅ ጠቅ ታደርጉታላችሁ። ዝናብ በዘለለበት ቀን ሁሉ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ትንሽ ትንሽ ታጠጣላችሁ። ሥር ከያዘ በኋላ ግን ልማዱን ገልብጡት፤ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ግን ጠልቆ እስኪገባ። በየቀኑ በጥቂቱ የሚጠጣ ሣር ሥሩን ወደ ታች መላክ ይሰንፋል፤ ከልጅ አስተዳደግ ጋር ይመሳሰልብኛል። ስታጭዱትም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ጥላ አይወድም፤ ዛፍ ሥር አትድከሙ። ጎመንና ሰላጣ የተተከለበት መደብ ካለ፣ በመሐሉ ጠለቅ ያለ የድንጋይ ድንበር አብጁ፤ ሰርዶ ድንበር አያከብርም።

ሐረጉን ያመጣልን ያው የመጀመሪያው የቀን ሠራተኛ ነበር። እየተከለ ይስቃል። «ጋሼ፣ ያኔ ንቀል ብለው ከፈሉኝ፤ አሁን ትከል ብለው ይከፍሉኛል። እኔ ምን ቸገረኝ!»

በመስከረም ግቢው ለበሰ። በየካቲት ግን ቢጫ ሆነና እህቴ ስልክ ደወለች፤ «ሣርህ ሞተ!» «አልሞተም እትዬ፣ ተኝቷል፤ አትቀስቅሺው» አልኳት። የሰርዶ ዋጋው ይኸው ነው፤ በበጋ በጋን መምሰል። ሁሌ አረንጓዴ ካልሆነ የሚል ሰው የሚፈልገው ሣሩን ሳይሆን ያንን የቬርሳይ ማስታወቂያ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች ዳር ሣር ስመለከት ደስ ይለኛል፤ አቧራና ጭቃ ማን ይወዳል? ግን ባየሁት ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ይሄ ሣር ማን ነው? የሚጠጣውስ የማንን ውኃ ነው? ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ይህን መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም።

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። በዚያች ማለዳ ጎማ ይዤ ቆሜ፣ ልጅቷ ተራዋን ስትጠብቅ፣ የአህያዋን ንግግር እየተናገርኩ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የእህቴ ጎማ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ሥር የሚቀመጠው ያ ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ሰርዶው ዝናቡን ይጠብቃል።