ባልና ሚስት በሰላም ስለ መለያየታቸው

ጋብቻ የከበረ ነገር ስለ ሆነ፥ ስለ ፍቺ መናገር ጋብቻን ማቃለል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ሐኪም ስለ በሽታ ሲያስተምር በሽታን እንደማይመኝ ሁሉ፥ ስለ ፍቺ የሚጽፍም ሰው ፍቺን መምከሩ አይደለም። ባልና ሚስት አብረው መኖር የማይችሉበት ጊዜ በአባቶቻችን ዘመን ነበረ፤ ዛሬም አለ። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ አገራችን ለዚህ ችግር በየዘመኑ ምን ሥርዓት እንዳበጀችለትና ከዚያ ምን ትምህርት እንደምናገኝ አብረን እንመርምር።

በቀድሞ ዘመን በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚኖሩ ክርስቲያኖች ዘንድ ሦስት ዐይነት ጋብቻ ይታወቅ ነበር። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚጸናው የቁርባን ጋብቻ ነው። ይህ በቀላሉ የማይፈታ ስለ ሆነ፥ ከካህናትና አብረው ብዙ ዘመን ከኖሩ ባልና ሚስት በቀር ብዙ ሰው አይደፍረውም ነበር። ሁለተኛው የደመወዝ ጋብቻ ነው፤ ይኸውም ወንዱ ለሴቲቱ ደመወዝ ሊሰጣት ተዋውለው ለጊዜው አብረው የሚኖሩበት ነው። ሦስተኛው የሰማንያ ጋብቻ ሲሆን፥ ከሕዝቡ የሚበዛው ይጋባ የነበረው በዚህ ነው። ለጉዳያችንም የሚጠቅመን ይህ ሦስተኛው ነው።

የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሎች፥ በምስክሮችና በዋሶች ፊት የሚደረግ ውል ነው። የሙሽራው ወላጆችና የሙሽሪት ወላጆች ለልጆቻቸው የሰጡት ከብት፥ እህልና ገንዘብ በሰው ፊት ይቆጠራል። ርስት የየዘሩ ስለ ሆነ የባል ርስት ለባል፥ የሚስትም ርስት ለሚስት እንደ ሆነ ይኖራል። ባልና ሚስት ያልተስማሙ እንደ ሆነ መጀመሪያ ሽማግሎች ተቀምጠው ያስታርቋቸዋል። ዕርቁ እንቢ ሲል ግን፥ እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ያነሣል፤ አብረው ያፈሩትን ደግሞ እኩል ይካፈላሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እናስረዳ። ባል ሦስት ላም፥ ሚስትም ሁለት ላም ይዘው ተጋቡ እንበል። ከጥቂት ዓመት በኋላ መንጋው ረብቶ ዐሥራ አንድ ሆነ። ሊለያዩ በወሰኑ ጊዜ ባል ሦስት፥ ሚስትም ሁለት አስቀድመው ያነሣሉ። የቀረው ስድስቱ የሁለቱ ድካም ፍሬ ስለ ሆነ ሦስት ሦስት ይደርሳቸዋል። ይህ ሒሳብ ፊደል ላልቈጠረ ሰው እንኳ የሚገባ ነው። በጋብቻው ቀን የተቈጠረ ንብረት በፍቺው ቀን ብዙ ክርክር አያስነሣም፤ በጋብቻው ቀን የቆሙትም ምስክሮች በፍቺው ቀን መልሰው ይጠራሉ። በዚህ ሥርዓት ሴቲቱም እንደ ወንዱ ፍቺ ለመጠየቅና ድርሻዋን ይዛ ለመውጣት መብት ነበራት። በዚያን ዘመን ይህ መብት ያልነበራቸው የሌላ አገር ሴቶች ብዙ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ዘመን ያለ ነውር አድርጎ ማመስገን እውነትን መሸፈን ይሆናል። ሽማግሎቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ወገን የሌላት ሴት፥ ወይም ከዘመዶቿ ርቃ የተዳረች ሴት፥ ዱላ ፈርታ «እሺ፥ ተስማምቻለሁ» ብላ ባዶ እጇን የምትወጣበት ጊዜ ነበረ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ይህም በሰላም መለያየት ይመስላል፤ ጩኸት የለውምና። ነገር ግን ፍርሃት ያመጣው ዝምታ ስምምነት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በታወጀ ጊዜ ነገሩ በአዲስ መልክ ተደነገገ። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ሰጠ፤ በዚህም የአባቶችን ልማድ አከበረ። ዳሩ ግን ባልና ሚስት በመስማማታቸው ብቻ ጋብቻው እንዳይፈርስ ከለከለ። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይም ይኸው ነበር። ፈረንሳዮች በአብዮታቸው ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1792፥ በስምምነት መፋታትን ፈቅደው ነበር፤ በ1816 ፍቺን ጨርሰው ከለከሉ፤ በ1884 ጥፋት ለተገኘበት ጋብቻ ብቻ መለሱት፤ በስምምነት መፋታትን እንደገና የፈቀዱት በ1975 ነው።

ክልከላው የታሰበው ጋብቻን ለማጽናት ነበረ፤ ይህ ሐሳብ የሚነቀፍ አይደለም። ፍሬው ግን ሌላ መራራነት ነበረው። ሕጉ ፍቺን ከባድ ምክንያት ያለውና የሌለው ብሎ ይለየው ስለ ነበር፥ ጥፋተኛ የተባለው ወገን በንብረት ክፍያ ሊጎዳ ይችል ነበር። ስለዚህ ሊለያዩ የፈለጉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ነውር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት በአንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች የጓዳቸውን ምስጢር በሽማግሌ ፊት አወጡት። ልጆችም የአባታቸውን ነውር ከእናታቸው፥ የእናታቸውን ነውር ከአባታቸው አፍ ሰሙ። በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን፥ በትምህርቱ ብርቱ የነበረ ልጅ በድንገት ሲደክም ምክንያቱን ስንጠይቅ፥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው እንዲህ ያለውን የቤት ክርክር ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንዶችና ሴቶች በጋብቻ አፈጻጸም፥ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚህ በኋላ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ታወጀ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። የ1992ቱ ሕግ ባልና ሚስት በስምምነት እንዲፋቱ ፈቀደ፤ ፍቺን የመወሰኑንም ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ።

አካሄዱም እንዲህ ነው። ባልና ሚስት ለመፋታት መስማማታቸውንና ስለ ፍቺው ውጤት፥ ይኸውም ስለ ንብረታቸውና ስለ ልጆቻቸው፥ የተስማሙበትን ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። የሚለያዩበትን ምክንያት እንዲናገሩ አይገደዱም። ዳኛው በአንድነት ወይም ለየብቻ አነጋግሮ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ይመክራቸዋል፤ ቢያስፈልግም ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ስምምነቱ በእውነተኛና በነጻ ፈቃዳቸው የተደረገ፥ ከሕግና ከመልካም ጠባይም ጋር የማይቃረን መሆኑን ሲያምንበት ያጸድቀዋል። ውሉ የልጆችን ወይም የአንደኛውን ወገን ጥቅም በሚገባ የማይጠብቅ ሆኖ ቢያገኘው፥ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የጎደለውን በራሱ ውሳኔ ያቃናል።

አስተዋይ አንባቢ በዚህ ውስጥ የጥንቱን ሥርዓት ያገኘዋል። ሽማግሎች ለማስታረቅ ይደክሙ እንደ ነበር ዳኛውም አስቀድሞ ይመክራል፤ ንብረትም እንደ ጥንቱ ይቈጠራል። የተጨመረው አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ይኸውም «እሺ» ያለው ሰው ወድዶ እንደ ሆነ ወይም ፈርቶ እንደ ሆነ ለየብቻው የሚጠየቅበት ቦታ መገኘቱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ምክር እናገኛለን። አንደኛ፥ ጋብቻው በሰው ፊት እንደ ተደረገ ፍቺውም በሕግና በምስክር ፊት ይሁን። በኵርፊያ ቤት ጥሎ መሄድ ወይም በቃል ብቻ «ተለያይተናል» ማለት ለነገ ጠብ መዝራት ነው። ሁለተኛ፥ ንብረት ሲቈጠር የጓዳ ሥራም ይቈጠር። ልጅ ስታሳድግና ቤት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ገንዘቡን በእጇ ባታመጣውም አብራ አፍርታዋለች። ሦስተኛ፥ ባልና ሚስት ቢፋቱም አባትና እናት አይፋቱም። ስለዚህ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፥ ማን እንደሚያስተምረው፥ ሌላውን ወላጁን መቼ እንደሚያይ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ አንዱም የሌላውን ስም በልጁ ፊት አያጕድፍ።

ወጣቶች ሆይ፥ ትዳራችሁ እስከ ሽበት እንዲዘልቅ ምኞታችን ነው። ነገር ግን የሰው ጠባይ የሚፈተነው በፍቅር ጊዜ ብቻ አይደለምና፥ መለያየት ግድ ቢሆንባችሁ ትናንት የወደዳችሁትን ሰው ዛሬ አትዝረፉት፥ አታዋርዱትም። ድርሻውን በትክክል ሰጥታችሁ፥ ምስጢሩን ጠብቃችሁ፥ በልጃችሁ ሠርግ ቀን አጠገብ ለአጠገብ ለመቀመጥ በምትችሉበት አኳኋን ተለያዩ።