ኮረብታውና ድንግሊቱ

ኪሊማኒ የተባለውን የናይሮቢ ሰፈር ስም ለመተርጎም ሊቅ መሆን አያሻም። በስዋሂሊ «ኪሊማ» ኮረብታ ነው፤ መጨረሻው ላይ የተቀጠለችው «ኒ» እንደኛ «ላይ» ትሠራለች። ኮረብታው ላይ፤ አለቀ። ናይሮቢ ራሷም ከማሳዮች «ቀዝቃዛ ውሃ» የተገኘች ናት። ሰፈሩ ውስጥ ምኒልክ ሮድ የሚባል ጎዳና መኖሩ የኛን ሰው ደስ ቢያሰኝም፣ ስለ ኮረብታው የሚጨምረው ነገር የለም።

ከከተማው ህንዶች አገር የመጣው ካንያኩማሪ የሚለው ስም ግን ትርጉሙን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 የኬንያን የባቡር ሐዲድ ሊዘረጉ ከ30 ሺህ በላይ ህንዳውያን መጡ፤ ነጋዴዎችም ተከተሉ፤ አማልክታቸውም አብረው ባሕር ተሻገሩ። ናቫራትሪ የሚሉት የዘጠኝ ሌሊት በዓል ሲገባደድ፣ ብዙ ሂንዱዎች ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ልጆችን ጠርተው እግራቸውን ያጥባሉ፣ ያበላሉ። ምሥጢሩ ሌላ ነው እንጂ ጸሎተ ሐሙስን ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንበትም። በዚያች ቀን ልጅቱ ራሷ አምላክ ናት። «ካንያ» ልጃገረድ፣ «ኩማሪ» ያላገባች ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ካንያኩማሪ፣ የህንድ ዋና ምድር የደቡብ ጫፍ።

ተረቱ እንዲህ ነው። ባና የተባለውን ክፉ ከድንግል በቀር ማንም ሊገድለው አይችልም። አምላኩ ሺቫ ግን ድንግሊቱን አምላክ ሊያገባ ከሱቺንድራም ከተማ በሌሊት ተነሣ። ጠቢቡ ናራዳ እንደ ዶሮ ጮኸ፤ ሙሽራው ሰዓቱ አለፈ ብሎ ተመለሰ። ለሠርጉ የተዘጋጀው እህል ሳይበስል ቀረ፤ የባሕሩ ዳርቻ ባለቀለም አሸዋ እሱ ነው ይባላል። እሷም ሳታገባ ባናን ገደለች።

ስሙ አዲስ አይደለም። በ1ኛው መቶ ዘመን የኤርትራ ባሕርን ጉዞ በግሪክኛ የጻፈ አንድ ነጋዴ፣ ወንዶችም ሴቶችም በድንግልና ሊኖሩ ወደ ኮማሪ መጥተው እንደሚታጠቡ፣ አንዲት አምላክም በዚያ እንደታጠበች እንደሚነገር መዝግቧል። በዚያው መጽሐፍ አዱሊስ አለች፤ የዛሬዋ ኬንያ ጠረፍም አዛኒያ ከሚለው ምድር ውስጥ ነው። የኛን ንጉሥ ዞስካሌስን ግሪክኛ አዋቂ ግን ስስታም ይለዋል። ለድንግሊቱ ክፉ ቃል አልወጣውም።

መርከበኞችን በተመለከተ በካንያኩማሪ ያለው የድንግሊቱ ቤተ መቅደስ የራሱ ወሬ አለው። የጣዖቷ የአፍንጫ ጌጥ ከሩቅ ስለሚያበራ፣ መርከቦች የወደብ መብራት መስሏቸው ከዓለት ይጋጩ ነበር አሉ። በዚህ የተነሣ ነው ይላሉ፣ የቤተ መቅደሱ የምሥራቅ በር ዛሬም በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ይከፈታል።