ሰፈሩን የደበቀው ተማሪዬ

ባለፈው ቅዳሜ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ፣ ጥቁር አንበሳ በር ላይ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሷል። ክፍል ውስጥ ሰፈሩን ስጠይቀው «ጦር ኃይሎች» ይለኝ ነበር። ማኪያቶ አዘን ቁጭ ስንል እውነቱን ነገረኝ። «ዘነበወርቅ ነው ቲቸር። አያቴ የሥጋ ደዌ ታማሚ ነበሩ።»

የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ያን ሰፈር አንድም ቀን አላስተማርኩትም። ዛሬ ልጻፈው።

ሰፈሩ የበቀለው በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሰየመው ሆስፒታል ዙሪያ ነው። ሰው የሚሸሻቸው ታማሚዎች እዚያ ተጠጉ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ እዚያው ግቢ አህሪ ተከፈተ፤ በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም በአርማወር ሃንሰን ስም የተሰየመ የምርምር ተቋም ነው። እዚያ ይመራመር የነበረው ቶሬ ጎዳል የኢሚዩኖሎጂ ሰው ነበር። ጥያቄው፦ ባክቴሪያው አንዱን ሲጎዳ ሌላውን ለምን ይተወዋል?

ቲ-ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች መረመሩ። በ1973 ጎዳልና ባልደረባው ባሳተሙት ጥናት፣ ከታማሚዎች ጋር ንክኪ የነበራቸው ብዙ ጤነኞች ሴሎቻቸው ባክቴሪያውን «ያውቁታል»። ማለትም ጀርሙ ገብቷል፣ ሰውነታቸው ግን ሳይታመም አሸንፎታል። ስንት ዘመን የሸሸነው በሽታ፣ ብዙዎቻችንን የማይጥል ኖሯል!

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቲ-ሴል በላዩ ባለው ተቀባይ የሚለየው የፕሮቲን ቁራጭ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የሥጋ ደዌና የቲቢ ባክቴሪያዎች ግን ሰም በመሰለ ቅባት የተሸፈኑ ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ቅባቱን ራሱን የሚለዩ ቲ-ሴሎች እንዳሉ አሳዩ። ከእነዚህ ሴሎች አንዳንዶቹ የተገኙት ከየት መሰላችሁ? ከሥጋ ደዌ ታማሚ ቁስል። ዛሬ ሳይንሱ «ከተለመደው ውጭ የሆኑ» የሚላቸው ቲ-ሴሎች ውስጥ ይመደባሉ፤ ለቲቢ ክትባት ይረዱ እንደሆነም ይጠናሉ።

ሰው ሊያየው ያልወደደው ቁስል ለዓለም ትምህርት ሆነ። ተማሪዬ አሁን የሚያነበው ስለነዚሁ ሴሎች ነው።

የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል። ቶሎ ከታከመ አካልም አይጎዳም። በሽተኛውን ቤት የሚያስቀረው ሐፍረት ነው።

ክፍሌ ውስጥ ሰፈራችሁን የደበቃችሁ ካላችሁ፣ እንድትናገሩ የሚያደርግ ትምህርት አላስተማርኳችሁምና ይቅርታ። ዘንድሮ አስተምረዋለሁ።