የኢንተርኔት በር ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ሰው ስልክ ሲገዛ ስለ ካሜራውና ስለ ባትሪው ይጠይቃል። ወደ ኢንተርኔት የሚገባበትን በር፣ ብራውዘሩን፣ ማን እንደመረጠለት ግን አይጠይቅም። ይህ ዝምታ ምን እንዳስከፈለ ታሪክ ይናገራል (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ1994 ኔትስኬፕ የተባለ ወጣት ኩባንያ ብራውዘሩን ለሕዝብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ባለሙያው ሉ ሞንቱሊ "ኩኪ"ን ፈጠረ። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ድረ ገጹ ደንበኛው የመረጠውን ዕቃ እንዲያስታውስ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን አስተዋዋቂዎች ያችኑ ትንሽ ማስታወሻ ሰውን ከገጽ ገጽ ለመከታተል አዋሏት።

ማይክሮሶፍት በበኩሉ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከዊንዶውስ ጋር አያይዞ በነፃ አደለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ከሰሰው፤ ፍርድ ቤትም ሕግ መጣሱን አረጋገጠ። ለኔትስኬፕ ግን ፍርዱ ከረፈደ መጣ። ኩባንያው ከመውደቁ በፊት ትልቅ ውርስ ትቶ ነበር፦ በ1998 የብራውዘሩን ኮድ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ከፈተው። ከዚያ ሞዚላ፣ ከሞዚላም በ2004 ፋየርፎክስ ተወለደ።

በ2008 ጉግል ክሮምን ይዞ መጣ። ፈጣንና ቀላል ስለነበር ተወደደ። ባለቤቱ ግን እንጀራው ማስታወቂያ ነው። በ2020 የሌሎች ድርጅቶችን መከታተያ ኩኪዎች በ2 ዓመት ውስጥ እንደሚያስወግድ ቃል ገባ፤ ደጋግሞ አራዘመው፤ በ2024 ሐሳቡን ተወው። በአንጻሩ የአፕሉ ሳፋሪ በ2020 እነዚህን ኩኪዎች ሙሉ በሙሉ ዘግቷል፤ ፋየርፎክስም የታወቁ መከታተያዎችን ተጠቃሚው ሳይጠይቅ ማገድ የጀመረው በ2019 ነው።

ታዲያ ፋየርፎክስ ንጹሕ መሸሸጊያ ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የሞዚላ ገቢ አብዛኛው የሚመጣው ጉግልን ቀዳሚ መፈለጊያ በማድረጉ ከራሱ ከጉግል ነው። ያጎረሰን እጅ መንከስ ለማንም ይከብዳል። ኮድ መክፈትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ክሮም ራሱ የተሠራው ክሮሚየም በተባለ ክፍት ኮድ ላይ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "የትኛው ይፈጥናል?" አይደለም። ኮዱን ሌላ ሰው መመርመር ይችላል ወይ? ክትትልን የሚያግደው ሳይጠየቅ ነው ወይስ ተለምኖ? ሠሪው የሚበላው ከየት ነው? ኔትስኬፕ የወደቀው ሚሊዮኖች ማሽኑ ላይ ያገኙትን ስለተጠቀሙ ጭምር ነው። ዛሬም ብዙው ሰው የሚጠቀመው የመረጠውን ሳይሆን የተሰጠውን ነው።